የላይፕዚጉ ሰውዬ ጉሮሮ፦ ከ1913 ጀምሮ ያልተዘጋ የአካሌዥያ ጉዳይ

ሰውየው 49 ዓመቱ ነበር። ከዚህ ውስጥ 30 ዓመቱን የኖረው የጎረሰው አልወርድ እያለው ነው፤ በሽታው አካሌዥያ ይባላል። ሚያዝያ 6 ቀን 1905 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 14 ቀን 1913፣ ጀርመን አገር ላይፕዚግ ከተማ ውስጥ የቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ወጣ። እኛ ዘንድ አጼ ምኒልክ በደዌ ተይዘው ዓመታት አልፈዋል፤ ሊያርፉ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል። ላይፕዚግ ውስጥ ደግሞ ገና አርባ ዓመት ያልሞላው ኧርንስት ሄለር የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ አንድ ሐሳብ በሰው ገላ ላይ ሊሞክር ቢላውን አነሣ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ሰው ዳነ፤ መዋጥ ቻለ። የሕክምና መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል፤ ሄለርንም ያመሰግናሉ። እኔ ግን ጉዳዩ ሲነገር ሁልጊዜ ግማሹ እንደሚቀር ይሰማኛል። አንድ ሰው ጉሮሮው ተከፍቶ ምግቡ ወደ ታች ከወረደ፣ ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ በዚያው በተከፈተው በር ሽቅብ እንዳይመለስ የሚከለክለው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በ1913 አልተጠየቀም። በቅጡ ተለክቶ የተመለሰው ከ90 ዓመት በኋላ ነው። ያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

በሽታው ሁለት ነው

የምግብ ቧንቧን ብዙ ሰው እንደ ውኃ ቱቦ ያስበዋል፤ ያፈሰስከው በራሱ ክብደት የሚወርድበት። እውነቱ ሌላ ነው። የምግብ ቧንቧ ጡንቻ ነው። አንድ ጉርሻ ሲዋጥ ከላይ ወደ ታች እየጨመቀ እንደ ሞገድ ይነዳዋል። ተኝተን ብንበላም የሚወርደው በዚህ ኃይል ነው። ከታች፣ ጨጓራው ደጃፍ ላይ፣ ቀለበት የመሰለ ጠባቂ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ዘወትር ተቋጥሮ ይቆያል፤ ስንውጥ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ላላ ብሎ ያሳልፍና መልሶ ይቋጠራል።

በአካሌዥያ የሚሞቱት በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያሉ፣ ጡንቻውን «ላላ» የሚሉት የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። «ተቋጠር» የሚሉት ይቀራሉ። ስለዚህ ደጃፉ እንደተቋጠረ ይቀራል። ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይዘነጋል፤ ያ ከላይ ወደ ታች የሚነዳው ሞገድም ይጠፋል። በሩ አይከፈትም፤ ገፊውም የለም። ቀዶ ሕክምና ሊነካ የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሞተውን ነርቭ የሚያስነሣ፣ የጠፋውን ሞገድ የሚመልስ ቢላ እስካሁን አልተሠራም። የዚህ ጽሑፍ ጠቅላላ ነገር የተንጠለጠለው በዚህች ሁለተኛ ጉዳት ላይ ነውና አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

በሽተኛው የሚናገረው ጠባይ አለው። ጠጣሩም ፈሳሹም ይተናነቀዋል፤ በካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ ጠጣሩ ይቀድማል። ምግቡን በውኃ ሊያስወርድ ይሞክራል፤ ከገበታ ተነሥቶ ደረቱን ወደ ኋላ ለጥጦ ይቆማል። ሌሊት ያልተፈጨ እራቱ ትራስ ላይ ይመለስበታል፤ ያስለዋል፤ ይከሳል። እኛ አገር ሳልና ክሳት ያለበት ሰው በቅድሚያ ሳንባው እንደሚመረመር የታወቀ ነው፤ ትክክልም ነው። ደረቴን ያቃጥለኛል ያለ ሁሉ ደግሞ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ለዓመታት መድኃኒት ይወስዳል። ይህ ብዙም ትክክል አይደለም። ተዘግቶ በከረመ ቧንቧ ውስጥ የተጠራቀመ ምግብ ይቦካል፤ ራሱም አሲድ ያወጣል። ያ የሚያቃጥል ስሜት ከጨጓራ ላይመጣ ይችላል ማለት ነው። ባሪየም የተባለ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ አጠጥቶ ራጅ ማንሣት ብዙ ነገር ይገልጣል፤ ከላይ የሰፋ ቧንቧ ይታያል፣ ከታች ሹል ብሎ እንደ ወፍ ምንቃር ይጨርሳል። ቁርጡን የሚያሳውቀው ግን በቧንቧው ውስጥ ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ ነው። ኢንዶስኮፒም፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ውስጡን ማየት፣ አይቀርም፤ በደጃፉ ላይ የበቀለ ካንሰር አካሌዥያን መስሎ ሊያታልል ይችላልና።

በ1913 ምን አማራጭ ነበር?

የሄለር በሽተኛ ሠላሳ ዓመት ሲሰቃይ ሐኪሞች እጃቸውን አጣጥፈው አልነበረም። የበሽታው ሕክምና የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1674 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ የኦክስፎርድ ሰው ጽፏል፤ ከዓሣ ነባሪ አጥንት በተሠራ፣ ጫፉ ላይ ስፖንጅ በታሰረበት ዘንግ የበላውን እየገፋ ወደ ጨጓራው ያወርድ ነበር። ሰውየው በዚህ ዘዴ ዓመታት ኖረ። ዛሬ በፊኛ የሚደረገው ማስፋት የዚያ ዘንግ የልጅ ልጅ ነው።

ቀዶ ሐኪሞቹ ግን ዘንግ አላረካቸውም። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን ደጃፉን በቢላ ለመፍታት ሁለት መንገድ ያዙ። አንደኛው ቬንደል እንዳደረገው ጠባቡን ቦታ ከነውስጥ ሽፋኑ በቁመት ሰንጥቆ በአግድም መስፋት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ይሰፋል። ሁለተኛው ሄይሮቭስኪ እንዳደረገው ደጃፉን እዚያው ትቶ የሰፋውን ቧንቧ ከጨጓራ ጎን ጋር በአዲስ ቀዳዳ ማገናኘት ነው። ሁለቱም ምግብ ያወርዳሉ፤ እንዲያውም በደንብ ያወርዳሉ። ሁለቱም ጠባቂ የሌለበት ቀዳዳ ትተው ይሄዳሉ።

ሦስተኛ ሐሳብ ነበረ። ጎትሽታይን የተባለ ሐኪም በ1901 ያቀረበው፣ ግን ያልሠራው ነው። እንቅፋቱ ጡንቻው ከሆነ ጡንቻውን ብቻ ቁረጡ፣ የውስጡን ሽፋን አትንኩ የሚል። ሄለር ያነሣው ይህንን ነው።

የተሠራው ሥራ

ሄለር በሆድ በኩል ገባ። ቧንቧው ድያፍራምን፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ አልፎ ጨጓራ ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ስንጥቅ በቁመት አወረደ። እያንዳንዱ ስንጥቅ ከሰፋው ክፍል ይጀምርና ጠባቡን አቋርጦ ወደ ጨጓራው ይዘልቃል።

ይህ ሥራ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ቀረብ ብለን እንየው። መጀመሪያ የሚገኘው የቁመት ጡንቻ ነው፤ ጭረቶቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚሄዱ በቀላሉ ግራና ቀኝ ይከፈላሉ። ከሥሩ ዙሪያውን የከበበው የቀለበት ጡንቻ አለ። ቀዶ ሐኪሙ ጭረቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ይበጥሳቸዋል። እያንዳንዱ ሲበጠስ ሁለቱ ጫፎች ወደየጎናቸው ሸሸት ይላሉ፤ በመሐከላቸው ነጣ ያለ፣ ቀጫጭን የደም ሥር የሚታይበት የውስጥ ሽፋን ብቅ ይላል። ከታሰረበት እንደተፈታ ሁሉ ወደ ውጭ ያብጣል። ያ እብጠት ነው መድረስን የሚያበሥረው። ጨጓራው ጋ ሲደረስ ጨዋታው ይለወጣል፤ ጭረቶቹ ሰያፍ ይሆናሉ፣ ሽፋኑ ይሳሳል፣ በጡንቻውና በሽፋኑ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። የውስጥ ሽፋን በስሕተት የሚበሳው በአብዛኛው እዚህ ነው። ያልታየ ቀዳዳ በቀናት ውስጥ ደረትን ወይም ሆድን በመግል ሊሞላ ስለሚችል፣ የዛሬ ሐኪም ከመውጣቱ በፊት በኢንዶስኮፕ ብርሃንና አየር ይፈትሻል። ሄለር ያ ሁሉ አልነበረውም። የነበረው ዓይኑና ጣቱ ነው።

በሽተኛው ዳነ። ሄለር በ1914 ጉዳዩን አሳተመው። ደች ሐኪሞች ግሮኔቬልትና ዛአየር በ1918 እና በ1923 የኋላውን ስንጥቅ ጣሉት፤ የፊቱ ብቻ ይበቃል አሉ፤ በቃም። ዛሬ «የሄለር ማዮቶሚ» (የጡንቻ ቁረጣ) የምንለው እንግዲህ የሄለር ግማሹ ነው።

ያልተለካው ግማሽ

በ1913 ስኬት የሚለካው በገበታ ነበር፤ በላ ወይስ አልበላም። አሲድን በቧንቧ ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። የነርቩ ጠበብትም ገና ስለ በሽታው ስም እየተከራከሩ ነበር፤ የደጃፉ መኮማተር ነው የሚሉና፣ አይደለም፣ አልላላ ማለቱ ነው የሚሉ። «አካሌዥያ» የሚለው የግሪክ ቃል «አለመላላት» ማለት ሲሆን በእንግሊዛዊው ሐኪም አርተር ኸርስት አማካይነት የገባው በዚያው ዘመን ነው።

የተመላሹ አሲድ ጣጣ የተገለጠው በሄለር በሽተኞች ላይ አልነበረም፤ በተቀናቃኞቹ ላይ ነበር። በ1949 ለንደን ውስጥ ኖርማን ባሬትና ባልደረባው ፍራንክሊን፣ በቬንደልና በሄይሮቭስኪ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የታከሙ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ምን እንደደረሰባቸው የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። ሰዎቹ መዋጥ ችለዋል፤ ነገር ግን ቧንቧቸው በአሲድ ተቃጥሏል፣ ቆስሏል፣ ደምቷል፣ ከቁስሉ ጠባሳ የተነሣም እንደገና ጠብቧል። አንዱን በሽታ በሌላ ለውጠው ነበር። (ይህ ባሬት፣ ቆይቶ በስሙ የተጠራው በአሲድ ምክንያት የተለወጠ የቧንቧ ሽፋን ባለቤት ነው። የሁለቱ ነገሮች ከአንድ ሰው እጅ መውጣት አያስገርምም።) ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ቀዶ ሐኪሞች ዘግይተው ወደ ሄለር ዞሩ። የሄለር ሥራ የውስጡን ሽፋን ስለማይከፍትና ጡንቻውን በልክ ስለሚቆርጥ፣ ከእነዚያ ይልቅ የተሻለ ጠባቂ ያስቀራል።

የተሻለ ማለት ግን በቂ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛዋ ጉዳት የምትመለሰው። ጤናማ ሰው ላይም አሲድ አንዳንዴ ይመለሳል፤ ነገር ግን የቧንቧው ሞገድ በደቂቃዎች ውስጥ ጠርጎ ያወርደዋል፣ የተዋጠ ምራቅም ያጥበዋል። አካሌዥያ ያለበት ሰው ጠራጊ የለውም። የተመለሰው አሲድ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ በጤነኛ ሰው ላይ እዚህ ግባ የማይባል መጠን እዚህ ላይ ያቆስላል። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ አይሰማቸውም፤ የዓመታት መወጠር የቧንቧውን ስሜት ያደነዝዘዋል። ቃር የለብኝም ማለት አሲድ የለብኝም ማለት አይደለም።

ከጨጓራ የተሰፋ ክዳን

ለተራ የአሲድ መመለስ መላ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሩዶልፍ ኒሰን ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን ወጥቶ ኢስታንቡል የገባ ቀዶ ሐኪም ነበር። እዚያ በ1930ዎቹ አንድ ስፌት እንዳይለቅ ሲል የጨጓራን ጫፍ ዙሪያውን ጠቀለለበት፤ በሽተኛው ከዓመታት በኋላ ቃር እንደሌለበት ታየ። ኒሰን ይህንን አልረሳም። በ1956 ባዝል ውስጥ ሆኖ የጨጓራውን የላይኛ ክፍል በቧንቧው ዙሪያ 360 ዲግሪ መጠቅለልን ለቃር ሕክምና አድርጎ አሳተመ። ስሙ ፈንዶፕሊኬሽን ነው።

ብልህ የሚመስለው ሐሳብ ይህን ወስዶ በሄለር ስንጥቅ ላይ መጠቅለል ነበር፤ የሞከሩም ብዙ ናቸው። ችግሩ ቀላል ነው። ሙሉ ጥቅልል ምግብ እንዲያልፍ ከላይ የሚገፋ ኃይል ይፈልጋል፤ አካሌዥያ ውስጥ ገፊ የለም። ሐኪሙ በአንድ እጁ የከፈተውን በሌላው ይዘጋዋል ማለት ነው። በቱሪን የተደረገና በ2008 የታተመ ጥናት 153 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለዓመታት ተከታተለ፤ ሙሉ የኒሰን ጥቅልል ከተደረገላቸው 15 ከመቶዎቹ እንደገና መዋጥ ሲቸግራቸው፣ በግማሽ ጥቅልል 2.8 ከመቶ ብቻ ሆነ። አሲድን በመከላከል በኩል በሁለቱ መካከል የሚባል ልዩነት አልነበረም።

ግማሽ ጥቅልሉን ያመጣው የማርሴዩ ዣክ ዶር ነው፤ በ1962። የጽሑፉ ርእስ ራሱ የኒሰንን ዘዴ ለውጦ ከሄለር ቀዶ ሕክምና በኋላ የአሲድ መመለስን ስለ መከላከል ነው። ይህ ሰው ጥያቄውን በቀጥታ ጠየቀ። ሄለር በ1964 ሲያርፍ መልሱ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። (ሄለር ራሱ በ1960፣ ሰማንያ ዓመት አልፎት፣ ስለ አካሌዥያ በታተመ አንድ ጽሑፍ ላይ ከአሜሪካውያን ጋር ስሙ አለ። ረጅም ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ያሳያል።)

የዶር ስፌት እንዲህ ነው። የጨጓራው የላይኛ ጉልላት ተስቦ በፊት በኩል ስንጥቁ ላይ ይታጠፋል። መጀመሪያ ከግራው የተቆረጠ የጡንቻ ጠርዝ ጋር ይሰፋል፤ ከዚያ ስንጥቁን አልፎ ከቀኙ ጠርዝ ጋር። ውጤቱ ሦስት ነው፤ አሲድን የሚከለክል ግማሽ ክዳን፣ የጡንቻው ጠርዞች ተመልሰው እንዳይገናኙ የሚለያይ መሐከለኛ፣ የውስጥ ሽፋኑ ሳይታይ ቢበሳ የሚሸፍን መጠገኛ። ሌላው ፈረንሳዊ አንድሬ ቱፔ በ1963 ጨጓራውን ከኋላ አሳልፎ ወደ ግራና ቀኝ ጠርዞች በመስፋት ከፊል ጥቅልል አደረገው። የፊቱ ክፍት ይቀራል፤ ጠርዞቹ ወደ ጎን ይጎተታሉ። ነገር ግን ከቧንቧው ኋላ መቆፈርን ይጠይቃል፣ የተበሳ ሽፋንንም አይከድንም።

ክርክሩ እንዴት ተፈታ

ጥያቄው «የትኛው ጥቅልል» ከመሆኑ በፊት «ጥቅልል ያስፈልጋል ወይ» ነበር። አሜሪካዊው ሄንሪ ኤሊስ በግራ ደረት ገብቶ ስንጥቁን ወደ ጨጓራው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ብቻ ካወረደ ጥቅልል እንደማያሻው ሲከራከር ኖረ። በእጁ ተሳክቶለታል። ችግሩ እጁን ለሌላው ማውረስ አለመቻሉ ነው። ትንሽ ያነሰ ቁርጥ በሽታውን ይመልሳል፤ ትንሽ የበዛ አሲድ ያመጣል። ሚሊ ሜትር ላይ የቆመ ሕክምና ለሁሉም ሆስፒታል አይሆንም።

በ1991 በስኮትላንድ የደንዲው አልፍሬድ ኩሺየሪና ባልደረቦቹ ሥራውን በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ሆድ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እያዩ፣ ሠሩት። ቀጥሎ በሳንፍራንሲስኮ በደረት በኩል በካሜራ ተሞከረ፤ የመዋጡ ውጤት ጥሩ ሆኖ ሳለ ለክተው ሲያዩ ጥቅልል ያልተደረገላቸው ብዙዎች አሲድ ይመለስባቸዋል። ሥራው ወደ ሆድ የተመለሰው በዚህ የተነሣ ነው። በሆድ በኩል ደግሞ ቧንቧውን የሚይዙት ጅማቶች ስለሚፈቱ፣ ስንጥቁም ወደ ጨጓራው ስለሚረዝም፣ የጥቅልሉ ጉዳይ ገፍቶ መጣ።

ቁርጡ የታወቀው በ2004 ነው፤ በአሜሪካ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ 43 ሰዎች። በዕጣ 21 የሄለር ስንጥቅ ብቻ፣ 22 ስንጥቅና የዶር ክዳን ተደረገላቸው። በሽተኞቹም፣ የሚከታተሏቸውም የትኛው እንደተሠራ አያውቁም። ከስድስት ወር በኋላ በአፍንጫ ቀጭን ሽቦ ወርዶ ለሃያ አራት ሰዓት አሲድ ተለካ። ክዳን ከሌላቸው 21 ውስጥ 10ሩ ከልክ ያለፈ አሲድ ነበረባቸው፤ ክዳን ካላቸው 22 ውስጥ 2ቱ። የደጃፉ ግፊት በሁለቱም ወገን 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ የመዋጥ ችሎታም አልተለየም። ክዳኑ መንገዱን አልዘጋም፤ ተመላሹን ግን ከለከለ። እኔ ይህን ጥናት ከብዙ ትልልቆቹ አስበልጬ አየዋለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ መለኪያው ቁጥር ነው፤ መልሱ አያሻማም።

በዶርና በቱፔ መካከል ያለው ግን እስካሁን አልለየለትም። በ2012 የታተመ የብዙ ሆስፒታሎች ጥናት 60 በሽተኞችን ይዞ ነበር። አሲድ ከተለካላቸው መካከል ከዶር ወገን 41.7 ከመቶ፣ ከቱፔ ወገን 21.1 ከመቶ ከልክ አለፈ። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፤ የሰው ቁጥር ግን ትንሽ ስለሆነ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ጥናቱም እርግጠኛ አልሆነም። የዶሩን 41.7 ከቫንደርቢልቱ 2 ከ22 ጋር ያነጻጸረ አንባቢ ይገረም ይሆናል፤ መገረሙ ተገቢ ነው። ያው ስፌት በተለያየ እጅ የተለያየ ክዳን ይሆናል። ቀዶ ሐኪሞች በተለማመዱት ይጸናሉ፤ እንዲያ መሆኑን አልነቅፍም።

የሚያሳስበው ዘመኑ ነው። በቺሊ ሳንቲያጎ አቲላ ቼንዴሽና ባልደረቦቹ 67 በሽተኞችን በአማካይ 190 ወር፣ ወደ 16 ዓመት ማለት ነው፣ ተከታተሉ። መጀመሪያ ጥሩ የነበረው ውጤት ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄደ፤ ዋናው ምክንያት አሲድ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶቹ ላይ የባሬት ሽፋን በቀለ። እነዚህ ሰዎች የዶር ክዳን ነበራቸው። ክዳን ይላላል ማለት ነው።

በአፍ የገባው ቢላ

በ2008 የዮኮሃማው ሃሩሂሮ ኢኖወ ሆድም ደረትም ሳይቀድድ በኢንዶስኮፕ በአፍ ገባ። የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ትንሽ ሰንጥቆ ከሥሩ ዋሻ ሠራ፤ በዋሻው ወርዶ የቀለበት ጡንቻውን ከውስጥ በኩል ቆረጠ፤ ሲወጣ የሰነጠቀውን በክሊፕ ዘጋ። በ2010 የ17 በሽተኞችን ውጤት አሳተመ። ፖኤም ይባላል። ጠባሳ የለም፤ ስንጥቁም እንደተፈለገ ወደ ላይ ይረዝማል። ቧንቧው በሙሉ በሚኮማተርበት የአካሌዥያ ሦስተኛ ዓይነት ላይ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

ግን የተዘለለውን አንባቢ ሳይነግሩት ያየዋል፤ ክዳን የለውም። በ2019 የታተመ የአውሮፓ ጥናት 221 በሽተኞችን ለፖኤምና ለሄለር ከዶር ጋር በዕጣ አካፈለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመዋጥ ውጤት 83 እና 81.7 ከመቶ ነው፤ እኩል ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ወር በኢንዶስኮፒ የታየ የአሲድ ቁስለት ግን በፖኤም 57፣ በሄለር 20 ከመቶ ነው። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ጠበበ፤ 44 በ29 ሆነ። አብዛኛው ቁስለት ቀላል ደረጃ ነው፣ በመድኃኒትም ይገታል። ሆኖም ሕይወቱን ሙሉ አሲድ የሚቀንስ ክኒን የሚውጥ የሠላሳ ዓመት ሰው በቀላል አይታይም። የሚያስቀው፣ ኢኖወ ራሱ በ2019 ከፖኤም ጋር በዚያው በኢንዶስኮፕ ግማሽ ጥቅልል ሰፍቶ አሳየ። ዶር ከሞላ ጎደል ተመልሶ መጣ።

ፊኛም አልቀረም። በ2011 የታተመው የአውሮፓ ጥናት 201 ሰዎችን ይዞ ደጃፉን በፊኛ ማስፋትን ከላፓሮስኮፒ ሄለር ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት የተሳካላቸው 86 እና 90 ከመቶ ሆነ፣ ልዩነቱም እርግጠኛ አይደለም። ፊኛ ግን ደጋግሞ መመለስን ይጠይቃል፤ በዚያ ጥናት ላይ ከመቶ አራቱን ቧንቧቸውን ቀድዷል።

ሰውየው ዛሬ ቢመጣ

የላይፕዚጉ ሰው ዛሬ በኔ ፊት ቢቀመጥ፣ 49 ዓመቱ፣ ሠላሳ ዓመት የከረመ በሽታ ያለው፣ ማኖሜትሪው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ዓይነት ቢል፣ ቧንቧው እጅግ ተጣሞ እንደ ካልሲ ተረከዝ ካልሆነ በስተቀር ምርጫዬ ያው የሄለር ስንጥቅ ነው። በፊት በኩል አንድ፣ ወደ ላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ጨጓራው ሁለት፤ በላዩ የዶር ክዳን። ሦስተኛው ዓይነት ከሆነ ፖኤም ወደሚሠራበት እልከዋለሁ። ላፓሮስኮፕ በሌለበት ሆስፒታል ሆዱን ከፍቶ መሥራት ነውር የለውም፤ ሄለር ያደረገው ያንኑ ነው። ዶርም ለዚያ ሁኔታ ይመቻል፤ ልዩ መሣሪያ አይፈልግም፣ ጥቂት ስፌት ይበቃዋል፣ የተበሳም ቢኖር ይከድናል።

የሚከብደኝ ከቀዶው በኋላ ያለው ውይይት ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ውኃ ጠጥቷል፣ ሾርባ ጠጥቷል፣ ከሳምንታት በኋላ እንጀራ በወጥ በልቶ አልተናነቀውም፤ ደስታው ወሰን የለውም። ሠላሳ ዓመት ከገበታ የሸሸ ሰው አሁን የሚያስበው ስለ ገበታ ነው። ይህን ሰው ገና ያልተሰማውን፣ ምናልባትም ፈጽሞ የማይሰማውን አሲድ እንዲፈራ ማሳመን ቀላል አይደለም። «ቃር አለብህ?» ስለው «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አይሰማውም። ስለዚህ የምነግረው ቃር ሲመጣ እንዲመለስ አይደለም። ራስጌውን ከፍ አድርጎ እንዲተኛ፣ እራቱን ከመኝታው ሦስት ሰዓት አስቀድሞ እንዲበላ፣ ቃር ኖረ አልኖረ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ኢንዶስኮፒ እንዲታይ፣ ከዚያም በየተወሰነ ዓመት እንዲደግም ነው። ቧንቧው ውስጥ ምግብ ለዓመታት ሲቦካ የኖረ ሰው በጥቂቱም ቢሆን ከሌላው ሰው በላይ የካንሰር ስጋት አለበት፤ ያ ስጋት በቀዶው አይጠፋም፣ አሲዱም ሌላ ስጋት ይጨምርበታል።

የቀጠሮ ወረቀቱን እሰጠዋለሁ። አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ይቸኩላል።